ይሰበር እንጂ አይፈጭ

ብቅሉን እንደ ዱቄት ያስፈጨሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱን የተሸከመው አያሌው ነው። እሱ ከተሸከመው በኋላ እኔ እስክናገር ሦስት ቀን አለ፤ ሦስቱንም ቀን አፌን ዘግቼ ዋልኩ።

ሰው ሲያወራው ነገሩን ያረዝመዋል። ለሠርጉ የተጠመቀውን መጠጥ ቡዳ በላው ያለ አለ፤ መብራቱ እየዋዠቀ ነው ያበላሸው ያለም አለ። ቡዳም አልነበረም፣ መብራትም አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

መጥመቂያ ማሽኑ የእኔ ነው። ከመተማ ድንበር ማዶ ባለው በዚህ ከተማ፣ ሪያድ በሚባል ሰፈር ሁለት ዓመት የሠራሁለት ኸዋጃ፣ ፈረንጅ ማለት ነው፣ ወታደሮቹ መንግሥት በገለበጡ ሳምንት በአንድ ሻንጣ ሲወጣ፣ «ከቤቱ ዕቃ የፈለጋችሁትን ውሰዱ» አለን። ሌሎቹ ሠራተኞች ፍሪጅና ምንጣፍ ሲሻሙ እኔ ጓዳ የቆመውን የብረት ጋን አቀፍኩ። ቁመቱ እስከ ወገቤ ይደርሳል። ከሥሩ ማሞቂያ፣ ከጎኑ ትንሽ ፓምፕ፣ ከውስጡ ደግሞ ታቹ የተበሳሳ ቅርጫት አለው። ብቅሉ ቅርጫቱ ውስጥ ይገባል፤ ስድሳ ሰባት ዲግሪ የሞቀ ውሃ ከታች እየተሳበ ከላይ ይፈስበታል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቅርጫቱ ወደ ላይ ይነሳና አተላው ተለይቶ ጣፋጩ ጭማቂ ከሥር ይቀራል። ኸዋጃው ቢራ ይጠምቅበት ነበር። እኔ የፈለግኩት ለቀሪቦ፣ ለማያሰክረው የብቅል መጠጥ ነው። ኮምቦልቻ የምግብ ምህንድስና ተምሬ ስመረቅ የጠበቀኝ ሥራ የሰው ሽንት ቤት ማጠብ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ በእጄ የገባ የመጀመሪያው የሙያዬ ዕቃ ይኸው ጋን ነው።

አያሌውን ያመጣውም ጋኑ ነው። ኸዋጃው ገና ሳይሄድ ፓምፑ ቆመና መኪፍ የሚጠግን ልጅ ተጠራ፤ እዚህ አገር ኤሲውን መኪፍ ነው የሚሉት። መጣ፣ ፈታው፣ ገጠመው። ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«እርሾ ታስገቢበታለሽ?» አለኝ።

«ኸዋጃው ያስገባል።»

«አንቺን ነው የጠየቅኩት።»

«ሙስሊም ነኝ እኮ። አላስገባም።»

«ወላሂ በይ።»

አንገቱ ላይ ማተብ አስሮ ወላሂ በይ ሲለኝ ሳቄ መጣ። እሱ አልሳቀም። ለምን እንዳልሳቀ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ሐጅ ዩሱፍ የሚባለው ሰፈር ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ እናቱ እማማ ስንቅነሽ ከጎንደር ናቸው። ድሮ ሕጉ ጥብቅ በነበረ ጊዜ በበርሜል አረቄ ተይዘው አርባ ጅራፍ ተገርፈዋል። ከዚያ ወዲህ መንገድ ዳር ሻይ ነው የሚሸጡት። አያሌው ደግሞ የሚያሰክር ነገር ባለበት ቤት ውሃ እንኳ አይጠጣም።

አማርኛን የሚናገረው የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው በጥንቃቄ ነው። ፊደል አልቆጠረም ነበር፤ እኔ አስተማርኩት። ኡስታዛ ይለኛል፣ አስተማሪ ማለቱ ነው። ሰልፍ በተጠራ ቁጥር ኩብሪዎቹ፣ የወንዙ ድልድዮች፣ በኮንቴነር ይዘጋሉ፣ ስልኩም ይቋረጣል፤ እሱ ከወንዙ ማዶ ሪያድና አል-ጣኢፍ ሰፈሮች ሲሠራ፣ እኔ ኸዋጃው ከሄደ ወዲህ አጎቴ ቤት ሐጅ ዩሱፍ ሆኜ፣ ያለን ነገር ደብዳቤ ብቻ ነበር። እሱ ይጽፋል፤ እኔ በቀይ እስክርቢቶ አርሜ እመልስለታለሁ።

«ዛሬስ ስንት ሰጠሽው?» ትለኛለች የአጎቴ ልጅ ዘምዘም።

«ሰባት ከአሥር።»

«ምስኪን! ሌላው ወንድ ደብዳቤ ጽፎ መልስ ይጠብቃል፣ ያንቺው ውጤት ይጠብቃል።»

እስቃለሁ። አሁን ሳስበው አያስቅም።

*

አጎቴ ሙባረክ ሱቅ ውስጥ በርበሬና ቅመም ይሸጣል። ስለ አያሌው ስነግረው አልጮኸም። ወሎዬ ነው፤ በእኛ ዘር ውስጥ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም አለ። «የሃይማኖቱን ነገር ሽማግሌ ይጨርሰዋል» አለኝ። «እኔ ግን መጀመሪያ ሰውየውን ልየው። የዘምዘም ሠርግ ሐሙስ ነው። ያ ማሽናችሁ ለእንግዳ የሚሆን ቀሪቦ ያወጣ እንደሆነ ቅዳሜ ሽማግሌ ይላክ። ያላወጣ እንደሆነ ግን የእህቴን ልጅ በወሬ አልድርም።»

እንግዲህ ይኸው ነበር ፈተናው። ሁለት ዙር፣ ስድሳ ሊትር።

ብቅሉ ከመተማ የመጣ የገብስ ብቅል ነው። ሁልጊዜ በእጅ መክኪያ እየከካ የሚያመጣው አያሌው ነበር፤ እኔ ቴርሞሜትሩን እያየሁ አዝዛለሁ እንጂ እህሉን ልብ ብዬ አላየሁም። ሰኞ ዕለት ግን ኩብሪው ሊዘጋ ነው ተባለና ሳይከካው ማዶ ቀረ። ደብዳቤ ላከ። ያደረሰልኝ ዛኪር የሚባል የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ከመዘጋቱ በፊት በመጨረሻ የተሻገረ መኪና የእሱ ነበር።

ሁለት ወረቀት ነበረ። የመጀመሪያውን ቆሜ አነበብኩት።

«ኡስታዛ ሰልሰቢል፣ ሰላም ነሽ? እኔ ደህና ነኝ አልሐምዱሊላህ። አል-ጣኢፍ አንድ ቤት ሦስት መኪፍ እየሠራሁ ነው። ማታ ጣሪያ ላይ እተኛለሁ። ከጣሪያው ወንዙ አይታይም፣ ግን በየት በኩል እንደሆነ አውቃለሁ፣ ወደዚያ ዞሬ እተኛለሁ።»

ዘጠኝ ስህተት አገኘሁ፤ እዚህ ያሰፈርኩት ታርሞ ነው። ዘጠኙንም አከበብኩ። ሁለተኛውን ወረቀት እንደታጠፈ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሥራ ነበረብኝ፤ «ያላ፣ በኋላ» አልኩ።

ማክሰኞ ጆንያውን በረክሻ፣ በባጃጅ ጭኜ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ባለ ወፍጮው በሞተሩ ጩኸት መሀል፣ «ናዕም ወላ ኸሺን?» አለኝ። የላመ ነው ወይስ የተከካ፣ ማለቱ ነው።

«ናዕም» አልኩት።

እናቴ ለቀሪቦ አሻሮ ስታስፈጭ እንደ ፊት ዱቄት እስኪልም ነው። ጎረቤቶቻችን ለጠላ ብቅል ሲያስፈጩም እንደዚያው። ብቅል ይፈጫል፤ ማን ይጠይቃል? ዲግሪዬ እንኳ አልጠየቀም።

ረቡዕ ጠዋት ኩብሪው ተከፈተ ተባለ። አያሌው እስኪደርስ መጠበቅ ነበረብኝ። መጠበቅ አልወድም። ውሃውን አሞቅኩ፣ ዱቄቱን ቅርጫቱ ውስጥ ገለበጥኩ፣ በማማሰያ አማሰልኩ። እንደ ገንፎ ያዘ። «ወፍራም ነው፣ ይቀጥናል» ብዬ ፓምፑን ከፈትኩ።

እሱ ሲገባ ከላይ ውሃ ተኝቶ፣ ከሥር ፓምፑ እንደ ጥንብ አንሳ ይጮህ ነበር። ልብሱ አቧራ ነበር፤ ከድልድዩ ጀምሮ በእግሩ ነው የመጣው። እየሳቀ ገባ። ድምፁን ሲሰማ ሳቁ ቆመ። እጁን ገንፎው ውስጥ ከተተና በሁለት ጣቱ መካከል አሸው። ገለባ ፈለገ። አላገኘም።

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ዐይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ጥያቄ ብቻ ነበር። እኔም በዚያች ቅጽበት ያልተነበበው ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ መኖሩ ትዝ አለኝ። ዐይኔን ሰበርኩ።

ማብሪያውን ሊያጠፋ እጁን ሲዘረጋ ረፍዶ ነበር። ከላይ ያለው ውሃ በዱቄቱ ማለፍ አቅቶት፣ ማሞቂያው ደረቅ ብረት ላይ ቀርቶ፣ ከሥር የነበረው ሊጥ አረረ። ጢሱ ከግቢው ወጣ። ሽታው ያረረ ስኳርና ያረረ እህል ነው፤ አረቄ ሲወጣ የሚሸተውን የሚያውቅ ሰው ሌላ ነገር አይመስለውም።

መጀመሪያ የደረሰችው የአጎቴ ሚስት እትዬ ዘሃራ ናት፤ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ። አጎቴ ከኋላዋ መጣ።

«ምንድን ነው ይሄ? ማን ነው ያቃጠለው?»

አፌን ከፈትኩ። እምላለሁ፣ ከፍቼ ነበር።

«እኔ ነኝ ዓሚ ሙባረክ» አለ አያሌው። እጁ እስከ ክርኑ በሊጥ ተለውሷል። «ብቅሉን እኔ ነኝ ያበላሸሁት። እሳቱንም እኔ አበዛሁት።»

«ድሮስ!» አለች እትዬ ዘሃራ። «የአረቄ ሻጭ ልጅ ሠርግ ሊያሳምርልን ኖሯል? እናቱ በበርሜል፣ እሱ በኤሌክትሪክ!»

ሰው ሳቀ። ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር፤ ድንኳን የሚተክሉትም ሳቁ። አያሌው አልመለሰላትም። እኔን ነበር የሚያየው። እኔ መሬት አየሁ፤ መሬቱ ላይ አንድ የጫማ ማሰሪያዬ ተፈቶ ነበር። እስካሁን የሚታየኝ ያ የጫማ ማሰሪያ ነው።

«ኸላስ፣ አበቃ» አለ አጎቴ። «ቅዳሜ ማንም እንዳይመጣ። ለስላሳ ግዙ።»

አያሌው ያረረውን ጋን በትከሻው አንስቶ ወጣ። እንደምጠራው ጠብቆ ይሆን? በሩ ጋ ትንሽ ዘገየ። ጋኑ ከብዶት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ማሳመኑ ቀላል ስለነበረ ደግሞ ራሴን ጠላሁ።

*

ሠርጉ በለስላሳ አለፈ። ዘምዘም እጇን ሒና ተቀብታ፣ እንዳይነካባት ዘርግታ፣ እኔ ውሃ በመምጠጫ እያጠጣኋት ሳለ ድንገት፣

«ሰልሰቢል፣ ማክሰኞ ከረክሻ ስትወርጂ ፊትሽ ሁሉ ዱቄት ነበር» አለችኝ።

ብርጭቆው እጄ ላይ ቀረ።

«አያሌው ደግሞ ማክሰኞ ማዶ ነበር» አለች። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ልትከሰኝ አልፈለገችም። «ለአባቴ ለምን አትነግሪውም?»

«ምን ብዬ? ኮምቦልቻ አምስት ዓመት ተምሬ ብቅል ማስፈጨት አላውቅም ብዬ?»

«እንደዚያ ብለሽ።»

«ከሠርግሽ በኋላ።»

«በእኔ አታሳቢ» አለች። «የኔ ሠርግ ሆኗል። ያንቺን አስቢ።»

ወደ ጓዳ ሄድኩ። ውጭ ዘፈኑ ሲደምቅ እኔ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ቀይ እስክርቢቶው አብሮ ወጣ። ሁለተኛውን ወረቀት ዘረጋሁ።

«ብቅሉን እኔ እስክመጣ አትንኪው። ካልመጣሁ ግን ስሚኝ። ይሰበር እንጂ አይፈጭ። ፍሬው ሁለት ሦስት ቦታ ይሰበር፣ ገለባው ሙሉ ይሁን። የማሽኑ ብረት ማጣሪያ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ብረቱ ገለባውን ይይዛል፣ የሚያጣራው ገለባው ነው። እኔም መጀመሪያ ተሳስቼ አንድ ጊዜ አቃጥያለሁ፣ አልነገርኩሽም ስለምትስቂብኝ።

ሌላ ነገር። ለእናቴ ነገርኳት። ቅዳሜ ሽማግሌ እልካለሁ አልኳት። ልጅቷ የተማረች ናት አለች። ሰው የእኔን ነገር ሲያነሳ አታፍርብህም ወይ አለችኝ። አታፍርም አልኳት። እኔ አውቃታለሁ አልኳት። እናቴ ሳቀች። ከስንት ዓመት በኋላ ስትስቅ ጥርሷን አየሁ።»

ስህተት ይኑረው አይኑረው አላየሁም። በሕይወቴ ሳላርም ያነበብኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። ቀዩ እስክርቢቶ ጭኔ ላይ ተኝቶ ነበር፤ መንካት ፈራሁት። ከጆንያው የሚነሳው በርበሬ ዐይኔን ያቃጥለኝ ነበርና ሰው ቢገባ ምክንያት አላጣም። ያንን እንኳ አሰብኩ። በዚያን ሰዓት እንኳ ምክንያት አዘጋጀሁ።

*

ዓርብም አለፈ። ጁምዓ ነው፣ አጎቴ ደክሞታል፣ እንግዳ አልወጣም አልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ ሊመጡ በነበረበት ሰዓት፣ ረክሻ በር ላይ ቆመ። አያሌው ብቻውን ወረደ። ጋኑን አቅፎ ሳሎን ድረስ አስገባውና ምንጣፉ ጠርዝ ላይ አቆመው። ብረቱ ፊት ያሳያል። ያረረውን ፍቆ፣ ፓምፑን ለውጦ፣ ቅርጫቱን ቀዳዳ በቀዳዳ በመርፌ ወግቶ አጽድቶታል። የሦስት ቀን ሥራ ነው።

«አሰላሙ ዓለይኩም ዓሚ ሙባረክ። ዕቃችሁን መልሻለሁ።»

«ወዓለይኩም ሰላም» አለ አጎቴ፣ ሳይነሳ። እትዬ ዘሃራ ሻይ የያዘውን ሰሃን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

አያሌው ሊወጣ ሲዞር ተነሳሁ።

«አጎቴ፣ ብቅሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ወፍጮ ቤት ወስጄ እንደ ዱቄት ያስፈጨሁት እኔ ነኝ። አትፈጪው ብሎ ጽፎልኝ ነበር፤ ሳላነበው ቀረሁ። ሳይመጣ የጀመርኩትም እኔ ነኝ። እሱ ሲደርስ ነገሩ አልቆ ነበር። ለእኔ ብሎ ነው ጥፋቱን የወሰደው። እኔም ዝም ብዬ አየሁት።»

አጎቴ መቁጠሪያውን አስቀመጠ። እኔን አየኝ፣ አያሌውን አየ፣ ጋኑን አየ።

«እትዬ ዘሃራ ስለ እማማ ስንቅነሽ የተናገሩትም በእኔ ምክንያት ነው» አልኩ። «ሊሰደብ የሚገባው የእኔ ስም ነበር።»

እትዬ ዘሃራ ሰሃኑን ቀስ ብላ ወደ መሀል መለሰችው። «አላህ ይቅር ይበለኝ» አለች፤ ለማን እንዳለችው አልታወቀም።

አጎቴ ባልጠበቅኩት ድምፅ፣ «ልየው ያልኩት ሰውየውን ነበር» አለ። «አየሁት። ከቀሪቦ በላይ አየሁት። ልጄ፣ ተቀመጥ። ለእናትህ እኔ ራሴ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሽማግሌዎችህ ነገ ይምጡ፤ ኢንሻአላህ እምቢ የሚል አፍ የለኝም።»

ያ ነበር የጠበቅኩት። ለስንት ወር የለመንኩት ቃል፣ ከአጎቴ አፍ፣ በቅዳሜ ቀን። ወደ አያሌው ዞርኩ። ይስቃል ብዬ ነው የዞርኩት።

አልሳቀም።

«ሁለተኛውን ወረቀት መቼ አነበብሽው?» አለኝ።

«ሐሙስ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

«አውቃለሁ። አያሌው፣ አውቃለሁ። ፈራሁ።»

«እኔም ፈርቼ ነበር። ያ ሽታ ሲሸተኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አላየሽም፣ ሊጥ ነበረበት።» ቃላቱን አንድ በአንድ ይመርጣል፤ እንዳርመው ዕድል ላለመስጠት ይመስል። «ጥፋቱን ስወስድ አንድ ደቂቃ መስሎኝ ነው፣ ወላሂ። ይህችን አንድ ደቂቃ ልያዝላት፣ እስክትረጋጋ፣ ከዚያ ራሷ ትናገራለች አልኩ። አክስትሽ እናቴን ስትጠራ አሁን ትናገራለች አልኩ። ሰው ሲስቅ አሁን አልኩ። በሩ ጋ ስደርስ አሁን አልኩ። ቤት ሄጄ ብረት ስፍቅ ስልኬን አጠገቤ አድርጌ፣ አሁን፣ አሁን እያልኩ ሦስት ቀን ፋቅኩ።»

«ይኸው ተናገርኩ እኮ! በሁሉም ፊት ተናገርኩ! አጎቴም ፈቀደ፣ ሰምተኸዋል!»

«ሰምቻለሁ። ዓሚ ሙባረክ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ትልቅ ሰው ነዎት። ከእርስዎ ጋር ጠብ የለኝም።»

ወረቀቱ በእጄ ነበር። ከኪሴ መቼ እንዳወጣሁት አላውቅም። ዘረጋሁለት።

«እየው» አልኩት። «አንድም ቀይ የለበትም። አላረምኩትም።»

ተቀበለኝ። ቆሞ አነበበው፣ የራሱን ጽሑፍ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ እኔ እንዳስተማርኩት በጣቱ እየተከተለ። ጣቱ ከታች አካባቢ ቆመ።

«አንድ ስህተት አለበት» አለ። «እዚህ ጋ። አታፍርም ብያለሁ።»

ወረቀቱን መለሰልኝ።

«በቀይ አርሚው፣ ኡስታዛ።»

«በአንተ አላፈርኩም! በራሴ ነው ያፈርኩት፣ ስማኝ...»

«ሊሆን ይችላል። እናቴ ግን የጠየቀችኝ እሱን አይደለም። ሰው ሲስቅ ወዴት ታያለች ማለቷ ነበር።» ጋኑን በመዳፉ ዳበስ አደረገው፤ የሚሸጥ በግ የሚሰናበት ሰው ይመስል ነበር። «ማሽኑ ይሠራል። ሞክሬዋለሁ። ገለባውን ብቻ አትርሺ።»

«የት ትሄዳለህ?»

«እናቴን ዋሽቻታለሁ» አለ። «ሄጄ እውነቱን ልንገራት።»

አጎቴ ሊነሳ ቃጣው፤ አልተነሳም። እኔ ከምንጣፉ አንድ እርምጃ ወጣሁ፤ ሁለተኛው እግሬ አልተከተለኝም።

የሳሎኑ በር የብረት ነው። የተጣመመ ነውና ማንም ሲዘጋው ይጮሃል፤ ልጅ ሲዘጋው፣ ነፋስ ሲዘጋው፣ አጎቴ በየቀኑ እየረገመው ሲዘጋው። አያሌው ወጣ። እጀታውን በውጭ በኩል ይዞ፣ በሩን ትንሽ ወደ ላይ አንሥቶ፣ ድምፅ ሳያሰማ ዘጋው።